«ጨጓራ ነው» እና ሌሎች፦ ስለ ማስመለስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጨጓራዬ ተነስቶ ነው።»
ማቅለሽለሽ ሁሉ በጨጓራ ይሳበባል። ከደረት መጨነቅ፣ ከቀዝቃዛ ላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ ግን ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛ ላይማ ደረት ሳያምም ሊመጣ ይችላል። ሆድ ተነፍቶ ዓይነ ምድርም አየርም አልወጣ ካለ ደግሞ አንጀት ታጥፎ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በጨጓራ መድኃኒት የሚታለፉ አይደሉም።

«ሦስቴ ብቻ ነው ያስመለሰው።»
ከቁጥሩ ይልቅ ሽንቱን ተመልከቱ። የሕፃኑ ዳይፐር ለ6 ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ፣ ወደ ጤና ተቋም ነው። ቀለሙንም እዩ። የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ብዙውን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ የቆየ ደም ነው። አራስ ልጅ አረንጓዴ ካስመለሰው አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም።

«ሆዱ ይረፍ፣ ውሃ አትስጡት።»
ከሁሉ የሚጎዳው ይኸኛው ነው። መልሶ የሚያስመልሰው ውሃው ሳይሆን አንድ ብርጭቆ በአንዴ መጋቱ ነው። የ1 ሊትሩ ኦአርኤስ (ሕይወት አድን) አንዱ ከረጢት በሙሉ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ መለኪያ ነው። በብርጭቆ ውሃ ከተበጠበጠ ጨዉ በዝቶ ልጁን ይጎዳዋል። በየ1 ወይም 2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ከበፊቱ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡትም አይቋረጥ። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ለስላሳ ኦአርኤስን አይተካም፤ ስኳሩ ብዙ፣ ጨዉ ትንሽ ነው፣ ተቅማጥም ያብሳል። ያቺኑ ማንኪያ እንኳ እየመለሰ ሁሉንም ካወጣ፣ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አብቅቷል፤ ውሰዱት።

«እርጉዝ አይደለች? ያስመልሳታል።»
በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አዎ። ቀኑን ሙሉ ጠብታ ውሃ ካልረጋላት ወይም ሽንቷ ከጠቆረና ካነሰ ግን ትታይ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከላይኛው ሆድ ሕመም ጋር የመጣ ማስመለስ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ግፊቷ ይለካ።

«በረኪና ጠጥቷል፣ ቶሎ አስመልሱት።»
በፍጹም! በረኪና ሲወርድ የጎዳውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ይጎዳዋል፤ ላምባ ከሆነ ወደ ሳንባ ይገባል። ጨው በጥብጦ መጋትም ጣት መክተትም የለም። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደጠጣና ስንት እንደጠጣ ነው።