ሃይሮግሊፍ ምንድን ነው? ሥዕል ስለሚመስል ጽሕፈትና ስለማይሞት ስሕተት

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ከፈርዖን ስም በላይ የተቀረጹትን ዳክዬና የፀሐይ ክብ እያሳየ፣ «ነፍስ ወደ ብርሃን ትበራለች ማለት ነው» ሲል በሙሉ እርግጠኝነት ሲያስረዳ ሰማሁ። ማለት አይደለም። የሚነበበው «ሳ ራ» ነው፤ ትርጓሜውም «የራ ልጅ»፣ ከንጉሡ የልደት ስም በፊት የሚጻፍ የተለመደ ማዕረግ ነው። ክቧ በእርግጥም የፀሐይን አምላክ ትወክላለች፤ ዳክዬዋ ግን እዚያ የተገኘችው ስለምትበር ሳይሆን፣ በጥንቱ የግብፅ ቋንቋ የእርሷ መጠሪያና «ልጅ» የሚለው ቃል በተነባቢ ስለሚመሳሰሉ ነው።

የጥንት ግብፃውያን ጽሕፈት የሚጠራበት ሃይሮግሊፍ የሚለው ስም ከግሪክኛ «ሂየሮስ» (ቅዱስ) እና «ግሊፊን» (መቅረጽ) የተገጣጠመ ሲሆን፣ ግሪኮች ጽሕፈቱን በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ስላዩት የሰጡት ነው። ግብፃውያን ራሳቸው «መዱ ነቸር»፣ የአምላክ ቃላት፣ ይሉት ነበር። (አናባቢዎቹ የኛ የዘመናችን ልማድ ናቸው፤ እነርሱ ተነባቢ ብቻ ነው የጻፉት።) በሁለቱም ስሞች ውስጥ ሥዕል የሚል ቃል የለም።

እስቲ ለአማርኛ እንዲህ ያለ ጽሕፈት እናብጅለት። «ዋና ጸሐፊ» ብለን ለመጻፍ ፈልገን «ዋና» የሚለውን በምን እንደምንሥለው ሲቸግረን፣ ውኃ የሚቀዝፍ ዋናተኛ እንሥላለን፤ መጥበቅና መላላቱ ለጊዜው ይቆየን፣ ግብፃውያንም ለይተው አይጽፉትም ነበር። አናባቢ ስለማንጽፍ ያው ዋናተኛ «ወ» እና «ን» በሚከታተሉበት ሁሉ ያገለግለናል፤ «ወንድም»ንም «ወንዝ»ንም በእርሱ እንጀምራለን። አንባቢ እንዳይደናገር ደግሞ ከ«ወንድም» መጨረሻ የተቀመጠ ሰው፣ ከ«ወንዝ» መጨረሻ የውኃ ሞገድ እንጨምራለን፤ እነዚህ አይነበቡም፣ ቃሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ብቻ ይጠቁማሉ። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ አንድ ተንታኝ የመሥሪያ ቤቱን በር አይቶ «እነዚህ ሰዎች ሹማቸው በጥበብ ባሕር እንደሚዋኝ ያምኑ ነበር» ቢል፣ የሰሞኑ ሰው ከተናገረው በምን ይለያል?

የግብፅ ጽሕፈት በእውነት የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው። ጉጉት «ም»፣ አፍ «ር» ተብለው ይነበባሉ፤ እንዲህ አንድ ተነባቢ የሚወክሉት ምልክቶች ወደ 24 ይደርሳሉ፣ ሌሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ተነባቢ በአንድ ጊዜ ይይዛሉ። እንደ ፀሐዩ ክብ የተሣለውን ነገር ራሱን የሚወክሉም ስላሉ፣ «ሁሉም ድምፅ ነው» ማለትም ሌላ ስሕተት ነው።

ስሕተቱ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት፣ ስለ ሃይሮግሊፍ ፍቺ መጽሐፍ የጻፈው ሆራፖሎ፣ ወፏ ልጅን የምትወክለው ጫጩቶቿን ከመጠን በላይ ስለምትወድ ነው ብሎ ጽፏል፤ ፍቺውን አገኘ፣ ምክንያቱን ፈጠረ። የመጨረሻው ዘመኑ የታወቀ የሃይሮግሊፍ ጽሑፍ በፊላይ ቤተ መቅደስ በ394 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተቀረጸ በመሆኑ፣ ያኔ የሚያርመው አንባቢ አልነበረም። በ1799 በራሺድ ከተማ የተገኘው ድንጋይ ግን አንዱን አዋጅ በሃይሮግሊፍ፣ በዴሞቲክ (በግብፃውያን የዘወትር ጽሕፈት) እና በግሪክኛ ይዞ ተገኘ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖልዮን በድንጋዩ ላይ ያሉትን የሃይሮግሊፍ ምልክቶች ሲቆጥር፣ 500 ከማይሞሉ የግሪክኛ ቃላት አንጻር 1,419 ሆኑበት፤ እያንዳንዱ ሥዕል አንድ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ ሊራራቅ አይችልም ነበር። በ1822 ግኝቱን ያስታወቀውም ከጥንቱ ግብፅኛ የወረደውን የኮፕት ቋንቋ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ እንጂ በሥዕል ስለተመሰጠ አይደለም።

«የኛም ፊደል ሃይሮግሊፍ ነው» ለሚሉ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ በ2ኛው ሺህ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በሲና በረሃ የነበሩ ሴማውያን የግብፅን ሥዕሎች ወስደው በራሳቸው ቋንቋ ሰየሟቸው፤ ከዚያ የፈለቀው ፊደል በደቡብ ዐረብ በኩል ወደ ግዕዝ ደርሷል። ግብፃዊው የዐይንን ሥዕል «ኢር» ብሎ ያነብበው ነበር፤ ሴማዊው ግን ሥዕሉን «ዐይን» ብሎ ጠርቶ የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ሰጠው። ዛሬ ዐይኑ ዐ የምንለው ፊደል ክብነቱን ከግብፅ ወርሶ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ግን ሴማዊ ነው።