ቴሌማቲክስ ኢንሹራንስ ምንድን ነው?

የመኪና ኢንሹራንስ አረቦን ሲተመን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የአሽከርካሪው ዕድሜ፣ የመኪናው ዓይነትና ያለፈ የአደጋ ታሪክ ነው። በዚህ ስሌት ረጋ ብሎ የሚነዳ ወጣት ለሚበርረው እኩያው ዕዳ ይከፍላል። ቴሌማቲክስ የሚባለው አሠራር ግን አነዳዱን ራሱን ለክቶ ዋጋ ያወጣል።

መለኪያው ክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ ናት። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ትሰካለች፤ መካኒክ የሞተር መብራት ሲበራ ኮምፒውተሩን የሚሰካበት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ይህ ሶኬት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ዕቃዋ ፍጥነቱን ከመኪናው ታነባለች፣ ሰዓቱንና ርቀቱን ትመዘግባለች፣ በሞባይል ኔትወርክ ለኩባንያው ትልካለች። ጂፒኤስ ያላት የት እንደዋላችሁም ታውቃለች። አሁን አሁን ብዙ ኩባንያዎች ዕቃዋን ትተው የስልክ አፕ መጠቀም ጀምረዋል።

ዋናው ጉዳይ ፍሬን ነው። ፕሮግሬሲቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስናፕሾት በሚለው ፕሮግራሙ ፍጥነት በአንድ ሰከንድ ውስጥ በ7 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ «ኃይለኛ ፍሬን» ብሎ ይይዘዋል። 7 ማይል በሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። በ60 እየሄዳችሁ በአንድ ሰከንድ 49 ከገባችሁ ዕቃዋ ጢጥ ትላለች፤ ተመዘገበባችሁ ማለት ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው። ፍሬን በድንገት የሚያበዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የፊተኛውን መኪና ተጠግቶ የሚነዳ ነው።

ችግሩ፣ ዕቃዋ ለምን እንደረገጣችሁ አታውቅም። ሕፃን መንገድ ውስጥ ዘሎ ቢገባባችሁና ቀጥ ብታደርጉ፣ ነፍስ ያዳነው ፍሬን እንደ ጥፋት ይቆጠራል። እኩለ ሌሊት መንዳትም ነጥብ ያስቀንሳል። ይህ ለጨፋሪው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከሌሊት ተረኝነት ለምትመለሰው ነርስ ግን ግፍ ነው ባይ ነኝ። አፑማ ጭራሽ በሰው መኪና ተሳፍራችሁ ስትሄዱም እናንተ የነዳችሁ ሊመስለው ይችላል።

ሌላው ስጋት መረጃው ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጄኔራል ሞተርስ መኪና የያዙ አሽከርካሪዎች አነዳዳቸው ሳያውቁት ለመረጃ ነጋዴዎች ሲሸጥ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። እዚህ ላይ የተሰካ ዕቃ እንኳ አልነበረም፤ መኪናው ራሱ ነው የሚልከው። በጥር 2025 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያው እንዲህ ያለውን መረጃ ለነዚህ ድርጅቶች ለ5 ዓመት እንዳይሰጥ የሚያግድ ውሳኔ አቀረበ።

ለመግባት ያሰበ ሰው ከቅናሹ በፊት ውሉን ያንብብ። አንዳንዱ ፕሮግራም ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሌላው መጥፎ ነጥብ ባመጣው ላይ አረቦኑን ከፍ ያደርጋል። ክትትሉ ለጥቂት ወራት ነው ወይስ ውሉ እስካለ ድረስ? መረጃውስ ለሦስተኛ ወገን ይሰጣል? ወኪሉ እነዚህን በቃል ሳይሆን በወረቀት ያሳይ።