«ይወልቃል» የሚባለው ጥርስ፦ ስለ ልጆች አፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሕፃንን የላይኛ ከንፈር በጣት ገለጥ አድርጎ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጥርሱ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ጠመኔ የነጣ፣ የማያብረቀርቅ መስመር ከታየ መበስበስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወላጅ ግን ጥቁር ቀዳዳ እስኪያይ ወይም ልጁ ሌሊት እያለቀሰ እስኪነሣ ይጠብቃል። ለመዘግየቱ ምክንያት የሆኑት አባባሎች የታወቁ ናቸው።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል»

መውለቁስ ይወልቃል፤ መቼ ነው ጥያቄው። የፊቶቹ በ6 ዓመት ግድም መነቃነቅ ይጀምራሉ፤ የኋላ መንጋጋዎች ግን እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ያገለግላሉ። በ3 ዓመቱ መንጋጋው ለተቦረቦረ ልጅ «ይወልቃል» ማለት ሰባት ስምንት ዓመት ታገሥ እንደ ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ቋሚው ጥርስ እየተሠራ ስለሆነ፣ የወተት ጥርሱ ሥር መግል ከቋጠረ ቋሚው ቀለሙ ተበላሽቶ ወይም ገጹ ጎድጉዶ ሊበቅል ይችላል። ያለጊዜው ሲነቀልም ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ተተኪው መውጫ ያጣል።

«ጥርስን የሚበላው ትል ነው»

ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር ይህን አባባል ሳይቀበል የቀረው በ1728 ነው። ትል የለም፤ ያለው ባክቴሪያ ነው።

«ከረሜላ ስለማይበላ ጥርሱ አይበሰብስም»

ከረሜላ ንጹሕ ነው አልልም፤ ብቻውን መወቀሱ ነው ስሕተቱ። እንደ ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት ስኳር ነው፤ ብስኩት ይሁን ማር ወይም ጭማቂ አይመርጡም። ስኳሩን ባገኙ በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመርታሉ። በጥርሱ ገጽ ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ፣ ኢናሜሉ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ከዚያ ምራቅ ይደርስለታል፤ ነገር ግን አሲዱን ለማርገብ ብቻ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ አንድ ቁራሽ ኬክ በልቶ ከጨረሰ ልጅ ይልቅ፣ አንድ ጠርሙስ ጭማቂ ይዞ እስከ ማታ ትንሽ ትንሽ የሚጎነጨው የበለጠ ይጎዳል፤ ምራቁ ፋታ አያገኝማ።

ጡጦ እንደጎረሰ የሚተኛ ሕፃን ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳል፤ ወተቱም በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ዙሪያ ይቆያል። የታችኞቹን ምላስ ስለሚከልላቸው ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። አራቱ የላይ ጥርሶች ቡናማ ሆነው የታችኞቹ የነጡበትን አፍ ያየ ሐኪም፣ የሌሊቱን ጡጦ ሳይነገረው ይጠረጥራል።

«ጥርሱ በዘር ደካማ ነው»

አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከእናት ወይም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ባክቴሪያው ራሱ ነው፤ ማንኪያ ቀምሶ በማጉረስ፣ የወደቀ የጡጦ ጫፍ በአፍ ጠርጎ በመመለስ። ልጃችሁን አትሳሙ ለማለት አይደለም፤ የራሳችሁን የተቦረቦረ ጥርስ አስታክሙ ለማለት ነው።

«አፉ የሚሸተው ሆዱ ስለታመመ ነው»

የልጁ አፍ በሸተተ ቁጥር የሆድ ትል መድኃኒት የሚሰጥበት ቤት አለ። ጠረኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያው ከአፍ ነው፤ በተለይም ከምላስ የኋለኛው ክፍል። እዚያ አየር በማያገኙበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲያፈርሱ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ድኝ ያለበት ጋዝ ይለቃሉ። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ ምራቁ ስለሚደርቅ ጠዋት ይብስበታል። የተቦረቦረ ጥርስና የታመመ ቶንሲልም ይሸታሉ። ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ከወጣ ደግሞ ልጁ ዶቃ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ወትፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መውሰድ ነው።

«የጥርስ ሳሙና ለትንሽ ልጅ አይሆንም»

መጠኑ ነው ወሳኙ። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ (ኢናሜልን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለበት ሳሙና፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ። እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱም ብሩሹን የሚይዝለት አዋቂ ያስፈልገዋል።

«ካላመመው ጤነኛ ነው»

ኢናሜል ነርቭ የለውም። ሕመም የሚመጣው ጉዳቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነው። እንደ ጠመኔ የነጣው መስመር ላይ ሳለ ከተደረሰበት ግን በፍሎራይድና የስኳሩን ድግግሞሽ በመቀነስ፣ ያለ መሰርሰሪያ ሊመለስ ይችላል።