ከሳሙና አረፋ እስከ ስካን የተደረገ ጽሁፍ፦ ጂኦሜትሪክ ሜዠር ቲዎሪ

ጂኦሜትሪክ ሜዠር ቲዎሪ ማለት ቅርፅን በተለይ ደሞ የተሰባበረውን፣ የተቦጫጨቀውን፣ ጠርዙ ሹል የበዛበትን መለካት የሚችል የሂሳብ ዘርፍ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ጂኦሜትሪ ለክብና ለሶስት ማዕዘን ይበቃል፣ ለባህር ዳርቻ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ማስመሪያህን ባሳጠርክ ቁጥር ርዝመቱ ይጨምራል፤ ለዚህ አይነቱ ቅርፅ ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ሃውስዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1918 ያመጣው ዳይሜንሽን (ለመስመር 1፣ ለጠፍጣፋ ገፅ 2 የሆነው ቁጥር) ሙሉ ቁጥር መሆን የለበትም፣ ከ1 በላይ ከ2 በታች ሊሆን ይችላል።

ትልቁን ጥያቄ፣ ማለትም ለአንድ ጠርዝ ትንሹ ስፋት ያለው ሽፋን የቱ ነው የሚለውን፣ ያመጣው ግን ሳሙና ነው። ሽቦ አጣጥፈህ ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረህ አውጣው፣ የሚዘረጋው ስስ ሽፋን ስፋቱን የቻለውን ያህል ይቀንሳል። ቤልጅየማዊው ፊዚሲስት ጆሴፍ ፕላቶ ሶስት ሽፋኖች ሲገናኙ ሁሌም በ120 ዲግሪ እንደሆነ አየ፣ በሂሳብ ያረጋገጠችው ደሞ የሂሳብ ሊቋ ጂን ቴይለር ናት፣ በ1976። ከሷ በፊት በ1960 የሂሳብ ሊቃውንቱ ፌደረርና ፍሌሚንግ ከረንት የሚባለውን መሳሪያ ሰርተው ነበር፣ ቅርፆችን እንደ ቁጥር መደመርና መቀነስ የሚያስችል፣ ለኔ የዘርፉ ውበት ያለው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ዳታ እንምጣ። ሁለት ቅርፆች ምን ያህል ይራራቃሉ ለሚለው ፍላት ኖርም የሚባል መለኪያ አለ፣ ለልዩነቱ ወይ የጠርዙን ርዝመት ወይ ስፋቱን እንደ ዋጋ ትከፍላለህ፣ የረከሰው ይመረጣል። በ2007 ሳይመን ሞርጋንና ኬቨን ቪክሲ አንድ የታወቀ የምስል ማፅጃ ዘዴ በውስጡ የሚያሰላው ይሄንኑ ፍላት ኖርም መሆኑን አሳዩ።

በዚህ ዘዴ የሚፀዳ ስካን የተደረገ የድሮ ብራና አስብ፣ ገፁ ላይ ነጠብጣብ ሞልቷል። አንድ ክብ ነጠብጣብ ይቆይ ካልክ ዙሪያውን ትከፍላለህ፣ ይጥፋ ካልክ ደሞ ስፋቱን ላምዳ በሚባል ቁጥር አባዝተህ። ላምዳ 0.5 ይሁን፦ ራዲየሱ 3 ፒክስል ከሆነ ማቆየት 18.8፣ ማጥፋት 14.1 ስለሆነ ይጠፋል፣ 10 ፒክስል ከሆነ ግን ማቆየት 62.8፣ ማጥፋት 157፣ ስለዚ ይቆያል። ድንበሩ 2 ለላምዳ ሲካፈል የሚመጣው ነው፣ እዚህ 4 ፒክስል። ላምዳን ስትመርጥ ታዲያ ተጠንቀቅ፣ ለማሽኑ የቀለም ጠብታና ቃል የምንለይበት ሁለት ነጥብ አንድ ናቸው፣ የሁለት ነጥቡ ራዲየስ ከድንበሩ ካነሰ ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይጠረግና ቃላቱ ተያይዘው ይቀራሉ።