ሶሻላይዜሽን በልጅነት ያልቃል?

ብዙ ሰው "ጠባይ በልጅነት ተቀርጾ አልቋል" ይላል። አያልቅም። ሶሻላይዜሽን፣ ማለትም የማኅበረሰቡን ደንብ እየተማርን ማንነታችንን የምንገነባበት ሂደት፣ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። መሠረቱ ቤት ውስጥ መጣሉ እውነት ነው፤ ልጆች እናትና አባት እየሆኑ ዕቃቃ ሲጫወቱ፣ በአሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በጆርጅ ኸርበርት ሚድ አስተሳሰብ፣ ራሳቸውን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ይለማመዳሉ።

ከዚያስ? ከክፍለ ሀገር መጥታ አራት ኪሎ ሥራ የጀመረች ልጅን እንይ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳታውቅ ፊት ብትቆም ከኋላ "እህት፣ ሰልፍ አለ እኮ!" ትባላለች። በቃ፣ ተማረች፤ ትንሽ ቆይታ ሌላውን የምትቆጣው እሷ ናት። ስትወልድ ደግሞ ጎረቤት "የሚሚ እናት" ይላታል፣ እሷም ራሷን እንደዚያ ማየት ትጀምራለች።

ከቦታ ቦታ የሚለያየው ደንቡ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት አለቃ "አንተ" ይባላል፣ ሌላው ጋ "እርስዎ" ካላሉ ያስቀይማል። አዲስ ሥራ ከገባችሁ መጀመሪያ ባልደረቦቻችሁ አለቃውን እንዴት እንደሚጠሩት አድምጡ።