የባስ ዘንግ ጣና ላይ፦ ዘንግ፣ ሪልና ክር እንዴት ይመረጣሉ፣ እንዴትስ ይያዛሉ

ጣና ውስጥ ባስ የሚባል አሳ የለም። ባስ የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ የገባው በሰው እጅ ነው፤ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። ጣና አልደረሰም፣ እንኳንም አልደረሰ። የባስ ዘንግ ግን ባሕር ዳር ገብቷል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የሚይዘው ዘንግና ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር) ብዙውን ጊዜ ለባስ የተሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ አሳ የሚያጠምድ ሰው ባስ ይወዳል፤ ሱቁም የሚሞላው በዚያው ዕቃ ነው። እኛ ጋ ይሠራል? አዎ፣ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። መስተካከል ያለበት ክሩ ነው።

ዕቃ ከመምረጥ በፊት አሳውን ማወቅ ይበጃል። ከጣና በብዛት ገበያ የሚወጡት ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ አሳ። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መንጠቆና ትል ይበቃዋል። አምባዛ ታች ጭቃው ላይ ይውላል፣ በጨለማም በደፈረሰ ውሃም ምግቡን አያጣም፣ ሲያድግ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጉልበተኛ ነው። ነጭ አሳ የሚባለው ደግሞ አንድ ዓይነት አሳ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ከመካከላቸው 8ቱ ሌላ አሳ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። የባስ ዕቃ ልክ የሚሆነው ለእነዚህ ነው፤ የሚሮጥ ትንሽ አሳ የሚመስል ማታለያ ሲያዩ ይከተላሉ። አንድ ነገር ደግሞ ያቀልልናል። አዳኝ ቢሆኑም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ምግባቸውን የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። ስለዚህ መንጠቆው አጠገብ የብረት ሽቦ ማሰር አያስፈልግም።

ሐይቁ ላይ ዋናው የማጥመጃ መሣሪያ መረብ ነው። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲያሰግሩ ኖረዋል። የሞተር ጀልባና ትልልቅ የናይለን መረብ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው። በመንጠቆ የሚያጠምደው በአብዛኛው ዳር ላይ የሚቀመጠው ነው፦ አንድ ሸንበቆ ወይም ቀርከሃ፣ ጥቂት ሜትር ናይለን፣ አንድ መንጠቆ፣ ትል። እውነቱን ለመናገር፣ ለቆሮሶ ከሆነ ይህንን የሚበልጥ ዕቃ የለም። ውድ ዘንግ ገዝቶ ቆሮሶ ለመያዝ መቀመጥ ብር ማባከን ነው።

ለነጭ አሳ ዘንግ የሚፈልግ ሰው ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጥንካሬው መካከለኛ የሆነ ይምረጥ። ጥንካሬና አተጣጠፍ ግን ይለያያሉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታል። ጥንካሬ ማለት ዘንጉ ስንት ክብደት ይችላል ማለት ነው። አተጣጠፍ ደግሞ የቱ ጋ ይጎብጣል ነው። ጫፉ አካባቢ ብቻ የሚጎብጠው ፈጣን ይባላል፤ አሳው ማታለያውን ሲነካ ቶሎ ይሰማል፣ መንጠቆውንም ቶሎ ያስገባል። እስከ እጀታው ድረስ የሚጎብጠው ዝግተኛ ነው። ለአምባዛ ጠንከር ያለና ጎበጥ የሚል ይሻላል፤ ግትር ዘንግ ግን ከአምባዛ ጋር ሲታገል ወይ ክር ይበጥሳል ወይ ራሱ ይሰበራል።

ከእጀታው ከፍ ብሎ የተጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ዘንጉ የሚችለው የክር ጥንካሬ በፓውንድ፣ የማታለያው ክብደት በአውንስ ተጽፏል። አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ነው፤ አንድ አውንስ 28 ግራም። «ከ8 እስከ 14 ፓውንድ» ካለ ከ3.6 እስከ 6.3 ኪሎ የሚችል ክር ማለት ነው። የተሠራበት ነገርም ለውጥ ያመጣል። ካርቦን ቀላልና ስሜቱ ጥሩ ነው፣ ግን ድንጋይ ላይ ከወደቀ ይሰነጠቃል። ፋይበርግላስ ይከብዳል፣ ግን ቻይ ነው። ለጀማሪና ለልጅ ፋይበርግላስ ይሁን። ለሁለት የሚፈታ ብትይዙ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ሰው ዓይን ሳትወጉ ትሄዳላችሁ።

ሪል ላይ ብዙ አልቆይም። ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ዓይነት ለማንም ይመቻል፤ የመጠን ቁጥሩ 2500 ወይም 3000 ይሁን። ከዘንጉ ላይ የሚቀመጠው፣ የባስ አጥማጆች የሚኮሩበት፣ ልምድ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ አውራ ጣቱን የሚሽከረከረው ክር ላይ በጊዜ ያላሳረፈ ሰው ክሩ ተተብትቦ ቀኑ በመፍታት ያልፋል። ሳጥኑ ላይ «ይህን ያህል ኩሽኔታ አለው» ተብሎ የሚጻፈውን ብዙ አትመኑት። ከዚያ ይልቅ ፍሬኑን፣ አሳው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀውን ክፍል፣ ፈትሹ፦ ፍሬኑን ትንሽ አጥብቃችሁ ክሩን በእጅ በዝግታ ሳቡ። እየለቀቀ ያለማቋረጥ መውጣት አለበት። ገትር ለቀቅ፣ ገትር ለቀቅ የሚል ከሆነ ሱቁ ውስጥ ተዉት። ትልቅ አሳ ክር የሚበጥሰው በዚያች የመገተር ቅጽበት ነው።

ክሩ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። ሦስት ዓይነት አለ። ናይለን ርካሽ ነው፣ ይለጠጣል፣ ለቋጠሮ ይመቻል፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይም ይጎዳዋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። መስኮት ዳር የሰነበተ ናይለን ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲስቡት ሲጥ ብሎ ይበጠሳል። የተጎነጎነው ክር ቀጭን ሆኖ በጣም ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም፤ ደንገልና ሣር ሲይዘው ጎትቶ ይወጣል። ድክመቱ ድንጋይ ነው። ጣና የተፈጠረው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ቅላጭ መውጫውን ስለገደበው ነው፤ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ የምናየው ጥቁር ሸካራ ድንጋይም እሳተ ገሞራ የተወው ነው። የተወጠረ የተጎነጎነ ክር እዚያ ላይ አንዴ ከታከከ አለቀለት። ሦስተኛው ፍሎሮካርቦን ነው፤ ይሰምጣል፣ መፋቅን ይችላል፣ ውድ ነው። የሚሸጠው «ውሃ ውስጥ አይታይም» እየተባለ ነው። ጣና ግን ደፍራሳ ነው፤ በክረምት ወንዞቹ አፈር ሲያመጡ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ለአለመታየቱ መክፈል ትርጉም የለውም።

የኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ሪሉን በተጎነጎነ ክር ሙሉ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ወፍራም ናይለን ቀጥሉ። ድንጋዩን የሚነካው ርካሹ ይሆናል። የተጎነጎነው ክር ባዶው ሪል ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይለን ይቅደም። አፍ እስከ ገደፉ አትሙሉት፤ ከጠርዙ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል፣ አለዚያ ሲወረወር በአንዴ ተንቦልቡሎ ይወጣል። ክሩ ረጅም መሆን የለበትም፤ የሐይቁ ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነው።

ፍሬኑን ለማስተካከል ሚዛን አያስፈልግም። ፍሬኑ መልቀቅ ያለበት ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ በሚሆን ክብደት ነው። ክሩ 4 ኪሎ የሚችል ከሆነ አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ክሩ ጫፍ ላይ እሰሩና ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሃይላንዱ ከመሬት ተነስቶ ሪሉ ክር መልቀቅ ሲጀምር ልክ ነው። ቋጠሮውም ቀላል ነው፦ ክሩን አጥፋችሁ በመንጠቆው ዓይን አሳልፉ፣ ተራ ቋጠሮ አስሩ፣ መንጠቆውን በተፈጠረው ቀለበት ውስጥ አሳልፉ፣ ምራቅ ነክታችሁ ሳቡ። ምራቁን አትርሱት። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይግላል፣ ናይለኑም እዚያው ይደክማል።

ወደ እንክብካቤው ስንመጣ፣ ጣና ጨው የለውም፤ ዝገቱ እንደ ባሕር አይፈጥንም። ጠላቱ ጭቃና አሸዋ ነው። ሪል አሸዋ ላይ አይቀመጥም። ቤት ሲገባ ፍሬኑን አጥብቆ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ በቧንቧ ግፊት ማጠብ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ከዚያ ፍሬኑ ይላላ፤ ጠብቆ የሰነበተ ፍሬን ውስጡ ያለው ስስ ሰሌዳ ይጨፈለቃል። ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ ጎማና እጀታው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃቸዋል፤ ሪሉ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ደግሞ ግሪስ ነው የሚፈልጉት። በዓመት አንዴ በካቻቪቴ ፍቱት፣ ግን ሲፈታ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። የምትዘል ስፕሪንግ አለችበት።

ዘንጉ ላይ ያሉትን ቀለበቶች በጥጥ ጥረጉ። ጥጡ ከተያዘ ውስጡ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ ያች ስንጥቅ ክር ትበላለች። ሁለቱ ክፍሎች የሚገጣጠሙበት ቦታ ላላ ካለ ትንሽ ሰም ቀቡት፤ በጎጃምና በጎንደር ሰም አይጠፋም። የዛጉ መንጠቆዎችን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ሌሎቹን በጥፍር ሞረድ አሹሉ። ደግሞ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በክረምት ደመናው ሲጠቁርና መብረቅ ሲሰማ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ከውሃው መራቅ ነው።

የአሳው ወቅትም አለ። ነጭ አሳዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። ወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዛቸው ቁጥራቸውን ክፉኛ ጎድቷል፤ በዘንግ የሚያጠምድም ሰው በእነዚህ ወራት ወንዝ አፍ ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። ፈቃድ ያስፈልግ አያስፈልግ እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ቢሮ ጠይቁ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለሚኖር ማምሻውን ዳር ላይ ብቻን መቀመጥም አይመከርም።

አሮጌውን ክር በየዓመቱ ቀይሩት፤ ብዙ የሚያጠምድ በየስድስት ወሩ። የተጎነጎነው ቶሎ አያረጅም፤ ገልብጣችሁ ብትጠቀልሉት ከሥር የነበረው አዲሱ ወገን ወደ ላይ ይመጣና ገና ይሠራል። የወጣውን ግን ዳር ላይ አትተዉት። የወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ የጀልባ ሞተር ውስጥም ይገባል። በመቀስ ቆራርጣችሁ፣ ሃይላንድ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።