ፎንታና «አሸዋና እሾህ» አልነበረችም

ከሎስ አንጀለስ በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ፎንታናን በካሊፎርኒያ የጭነት መኪና የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። መጋዘን ደጃፍ ወረፋ ስንጠብቅ ታዲያ አንዱ ተነሥቶ፣ «ይህ ቦታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብረት ፋብሪካ እስኪተከልበት ድረስ አሸዋና እሾህ ብቻ ነበር» ማለቱ አይቀርም። ይህን ስሰማ ዓመታት ስላለፉ ትዕግሥቴ አልቋል።

አሜሪካዊው ባለ ኢንዱስትሪ ሄንሪ ካይዘር በ1942 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፋብሪካውን የተከለው ሥራ ላይ በነበረ የአሳማ እርባታ ላይ ነው። ፎንታና ፋርምስ የተባለው ኩባንያ ላይትል ክሪክ ከሚባለው ወንዝ ውኃ ስቦ ብርቱካንና ወይን ያለማ፣ ዶሮ ለሚያረቡ ቤተሰቦች መሬት እየከፋፈለ ይሸጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አሳማዎችንም ያደልብ ነበር። የአሳማዎቹ ቀለብ ከሎስ አንጀለስ በባቡር ተጭኖ የሚመጣ የከተማው የምግብ ትርፍራፊ ሲሆን፣ ፍጉ ደግሞ ለብርቱካኑ ማዳበሪያ ይውል ነበር። ብረት ማቅለጥ ብዙ ውኃ፣ የባቡር ሐዲድና ሰፊ ሜዳ እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው፣ ሦስቱም አሳማዎቹ ዘንድ ተሟልተው ይጠብቁ እንደነበር ለመረዳት አይቸገርም። በካይዘር ባለቤት ስም «ቤስ» የተባለው የመጀመሪያው ማቅለጫ ምድጃ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ቀን ሊለኮስ የቻለውም ሥራው ከዜሮ ስላልተጀመረ ነው።

«ፋብሪካውን ከባሕር ያራቀው ካይዘር ሞኝ ስለነበረ ነው» የሚሉም አሉ። ካይዘር የፈለገው የባሕር ዳርቻውን ነበር፤ የጃፓንን ጥቃት ፈርቶ ወደ መሀል አገር ግባ ያለው መንግሥት ነው። የዚህም ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ የድንጋይ ከሰሉ ከዩታ፣ የብረት ማዕድኑም ከሞሃቬ በረሃ በባቡር መመላለስ ነበረበት።

«መንግሥት በነፃ የሰጠው ፋብሪካ ነው» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ገንዘቡ ብድር ነበር፣ ተከፍሏልም።

«ታንክና መድፍ ይሠራበት ነበር» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ዋናው ምርቱ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ በሪችመንድ ለሚሠሩት የካይዘር መርከቦች የሚሆን የብረት ሰሌዳ ነበር።

«ፋብሪካው ተነቅሎ ቻይና ሄደ» የሚለው ደግሞ በከፊል እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያስቸግራል። የካይዘር ብረት ሥራ በ1983 ቆመ፤ ከማቅለጫው ክፍል አንዱን የቻይና ኩባንያ ገዝቶ፣ ፈታትቶ ወሰደው፤ በግቢው ከፊል ቦታም በ1997 የመኪና ውድድር ሜዳ ተከፈተ። የብረት መዳመጫው ግን ሌላ ኩባንያ ይዞት ከ1984 ጀምሮ ከውጭ የመጣ ብረት እየዳመጠ ቀጥሏል። ባለፈው ክረምት አንድ ባልደረባዬ ይህንኑ የቻይና ወሬ ሲያወራልኝ፣ ከዚያው ግቢ የጫነውን ጥቅልል ብረት በሰንሰለት እያጠበቀ ነበር፤ ያውም ሰንሰለቱን የጥቅልሉ ጠርዝ እንዳይበላው መከላከያ ሳያስገባበት።